ግራፋይት በእህቴ ማሽላ ውስጥ

ግራፋይት የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ ብል እዋሻለሁ፤ አላውቀውም ብልም እዋሻለሁ። አንድ ሰሞን ባለቤቱ ነበርኩ። ሐርቡ ሻይ ቤት ስገባ ሰው ከወንበሩ ብድግ ይልልኝ የነበረው በእርሱ ምክንያት ነው። ይሁንና ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሰው እንዴት ያላየው ነገር ባለቤት ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔም ፀጉሬ እስኪያልቅ የጠየቅሁት እሱኑ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ያኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበርኩ ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ግን እኔ ዘንድ ሱሪ ካሰፉት ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት ስላሉ ልለፈው። ቀጥ አድርጎ መስፋት ትንሽ ያስቸግረኝ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ዘይነባ የምትባል ታላቅ እህት ነበረችኝ፤ ከሐርቡ ከተማ ወረድ ብላ የምትኖር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንዲት የማሽላ ማሳ ናት፤ ከዚያች ሌላ እስከሚቀጥለው መኸር የምትቀምሰው የላትም። አምና ሰማዩ ጨክኖባት አገዳው እንኳ ሳይደርስ ቀርቷል። ዘንድሮ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ፣ ራሱን አዘንብሎ፣ ማየት የሚያጠግብ ሆነ። ወፍ የሚጠብቅላት ልጇ ግን ብሔራዊ ውትድርና ሄደባት። ደሴ ገበያ በወጣ ሰው ላከችብኝ፤ መልእክቱ አጭር ነበር። አላህ ሰጥቶኛል፣ ወፍ እንዳይነጥቀኝ ናልኝ ነው የሚለው።

ቆላ ማሽላ ጠብቃችሁ ለማታውቁ ትንሽ ላብራራ። ማሽላ ወተት መቋጠር ሲጀምር ግሪሳ የሚባል ወፍ ይመጣል። ቁመቱ አውራ ጣት ቢያክል ነው፤ ግን ብቻውን አይመጣም። ከነአማቾቹ፣ ከነአበልጆቹ፣ ከነጎረቤቱ፣ ደመና ሆኖ ይመጣና ያርፋል። ሲነሳ አገዳው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ማሳው መሀል ከእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠራል፤ ከንጋት እስኪመሽ እላዩ ላይ ቆሞ እየጮኸ ወንጭፍ ይወነጭፋል።

ሱቄን ዘግቼ ወረድኩ። የደሴ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነው የወረድኩት፤ ሐርቡ ስደርስ በዚያ የቆላ ሙቀት ሰው የሚያየኝ የደጋ ብርድ ተሸክሜ የመጣሁ ይመስል ነበር። በማግስቱ ማማው ላይ ወጣሁ።

ወንጭፍ ቀላል ነገር ይመስላችኋል። ድንጋዩን ትጠቀልላላችሁ፣ ታዞራላችሁ፣ አንዱን ጫፍ ትለቃላችሁ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላ ሄደ። ቀጥሎ ያለው ወደ ላይ ወጣና ከየት እንደመጣ አስታውሶ ወደ እኔ ተመለሰ። ከዚያ የሚቀጥለው በጎረቤት ማሳ አልፎ የሰይድን አህያ መታ። ሰይድ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ማሳው ከእህቴ ማሳ ጋር ይገጥማል። መጥቶ ከማማው ሥር ቆመና አንጋጦ አየኝ።

«አንቱ፣» አለ በጣም በትህትና፣ «ወፉን ነው ወይስ እኛን ነው የሚያባርሩ?»

ግሪሳዎቹ ያን ዕለት ከእኔ ይልቅ አህያዋን እየፈሩ ዋሉ።

የአካባቢው ሰው ከወንጭፉ ሌላ አንድ ዘዴ አለው። ከማሳው ዳር እስከ ዳር ገመድ ይዘረጋና ጠጠር የተጨመረባቸው ጣሳዎች ያንጠለጥልበታል። ማማው ላይ ያለው ሰው ገመዱን ሲጎትት ጣሳው ሁሉ ይንጫጫል፣ ወፉ ይነሳል። ይህን ሳይ ልቤ በራልኝ። ግን እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ገመድ አነሰኝ። ገመድ ይበሰብሳል፣ ገመድ ይረግባል፣ ገመድ የድሮ ነው። ኮምቦልቻ ወጣሁና ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ወፍራም ሽቦ ገዛሁ፤ ጥቅልሉን በአህያ አስጭኜ ወረድኩ። አህያዋ የሰይድ ናት፤ ታርቀናል።

ሽቦውን ከእህቴ ማሳ ጫፍ አንስቼ በሰይድ ማሳ ላይ አሳልፌ እስከ ገደሉ አፋፍ ዘረጋሁት። አንድ ሰው ጎትቶ ሁለት ማሳ ይጠብቅ ብዬ ነው፤ ሰይድም ደስ ብሎት ፈቀደ። እንዳይነቀል ብዬ በዚህም ጫፍ በእህቴ ማሳ የውሃ ቦይ ዳር፣ በዚያም ጫፍ ረጅም ረጅም ብረት ውሃ በጠጣ መሬት ውስጥ ቀበርኩና ሽቦውን አጥብቄ ጠመጠምኩበት። የዘይት ጣሳ፣ የወተት ጣሳ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰቀልኩበት። ማሽላው ረጅም ስለሆነ ከውጭ ለሚያይ ሽቦው አይታይም። ጎተትኩት። የሐርቡ ሸለቆ ተንጫጫ። ግሪሳው ብድግ አለ፣ የሰይድ አህያም አብራ ብድግ አለች።

እህቴ ምስጋና የምትቆጥብ ሴት ናት። ወገቧን ይዛ አየችና «አንተ እንኳ ለዚህ ትሆናለህ፣ ማሻአላህ» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከእርሷ የሰማሁት ትልቁ ሙገሳ ይህ ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

በሌላው ቀን ማለዳ ከኮምቦልቻ በኩል አንድ ሄሊኮፕተር መጣ። ሄሊኮፕተር አዲስ ነገር አልነበረም፤ ይሄኛው ግን እንደሌላው በሰማይ አላለፈም። ዝቅ ብሎ፣ የማሽላውን ራስ ሊላጭ እስኪመስል ዝቅ ብሎ መጣ። ከሆዱ ሥር በረጅም ገመድ ትልቅ ዘነዘና የመሰለ ነገር አንጠልጥሏል። ከገደሉ እስከ ጋራው ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ዞረ፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያንኑ መንገድ ተመለሰ። እንደገና ዞረ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቅጣጫውን ቀይሮ በአግድም ያንኑ መሬት መመላለስ ጀመረ።

ሰይድ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሲያይ ቆየና ይህስ እርሻ ነው አለ። መጀመሪያ ቀጥታ አርሶ ሲያበቃ በአግድም ይደግመዋል፤ እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከታረሰ ደግሞ ይዘራል፤ ምን እንደሚዘራብን ግን አላህ ይወቅ አለ። ሰው ፈራ። እህቴ ቢስሚላህ እያለች ከማሳዋ መሀል አልወጣ አለች።

እኔ ግን የደሴ ሰው ነኝ። የደሴ ሰው አላውቅም ማለት አይችልም፤ ያመዋል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ሲያይ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። ይህማ ወንጭፍ ነው አልኩ። ገመድ አለው፤ የገመዱ ጫፍ ላይ የሚወረወር ነገር አለው፤ ማሽላ ባለበት ማሽላ ባለበት ይመላለሳል። ወንጭፍ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መንግሥት የግሪሳን ነገር ሰምቶ የላከው ነው ብዬ አስረዳሁ። ሲነገር እንዲያውም እኔንም አሳመነኝ። ደግሞም እውነት ይመስል ነበር፤ ሄሊኮፕተሩ በመጣ ቁጥር ሸለቆው ውስጥ አንዲት ወፍ አትቀርም። ሰው ከየማማው ወረደ። እኔም ወረድኩና ስለ መንግሥት ወንጭፍ ላብራራ ሐርቡ ሻይ ቤት ገባሁ።

ሁለተኛውን ሻይ ሳልጨርስ ድምፁ ጠፋ። ሄሊኮፕተሩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ደጋን ከተማ በኩል ሄዷል። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ቀጥሎ ግን ከሻይ ቤቱ በር ሆኜ ሳይ ከጋራው ላይ አንድ ጥቁር ደመና እየተንከባለለ ሲወርድ ታየኝ። ካፖርቴን ሰብስቤ ሮጥኩ። ማሳው ስደርስ አንድ ጥግ ባዶውን ቀርቷል፤ አገዳ ብቻ። እህቴ አንድ የተራቆተ የማሽላ ራስ ቀጠፈችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ከዚያ ወደ ማማው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ከማማው አልወረድኩም። ሽቦዬን ስጎትት፣ ስጎትት ሰነበትኩ። እንዲህ ሳለሁ አንድ ላንድሮቨር መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ። የወረደው ኃይሉ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት የማዕድን ባለሙያ ነው። ኮምቦልቻ ያረፉት የሄሊኮፕተሩ ሰዎች አለቃ እርሱ ኖሯል። ጠባየ መልካም፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ሰው ሲናገር አጎንብሶ የሚሰማ ልጅ ነው። ከሊቀመንበር ሰይድ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡና ይህ ማሳ የማን ነው አለ።

እህቴ ለመመለስ አፏን ስትከፍት እኔ ከማማው ወርጄ ቀድሜያት «የእኛ ነው» ብያለሁ።

ኃይሉ ነገሩን አስረዳን። ያ ዘነዘና ወንጭፍ አይደለም። ሄሊኮፕተሩ እየጎተተው ሲበር መሬቱን በማይታይ የኤሌክትሪክ ኃይል ይነካካዋል። መሬት አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። ከሥሩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር ካለ ግን ይመልሳል። ግራፋይት ይመልሳል። ግራፋይት ምንድን ነው ብንለው ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ጥቁሩን ጫፍ አሳየን። ይህ ነው፣ ከዚህም ሌላ ብዙ ጥቅም አለው፣ ፋብሪካ ሁሉ ይፈልገዋል አለ። ከዚያም አንድ ወረቀት ዘረጋ። በዚህ አካባቢ ሁሉ መሬቱ ዝም ብሏል፤ በእናንተ ማሳ ሥር ግን አንድ ቀጭን ነገር ከዚህ እስከ ገደሉ አፋፍ ጮኾ መልሷል። «እንዲህ ቀጥ ያለ አይቼ አላውቅም» አለ፤ ዓይኑ እያበራ።

ሰይድ በጣም ተገረመ። መሠረተ ትምህርት ሲማሩ አንዷን እርሳስ ቆራርጠው ነበር የተካፈሉት፤ እግራቸው ሥር ይህ ሁሉ ተጋድሞ። እኔማ ደረቴን ካፖርቴ አልበቃው አለ። ያን ቀን ሐርቡ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ባለግራፋይቱ መጡ ተባለ። ሻይ ተጋበዝኩ። ደሴ ስመለስ ሱቁን ትቼ ምን ዓይነት ቤት እንደምሠራ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ በረንዳው ላይ ነው ከራሴ ጋር የተጣላሁት፣ ፊቱ ወደ ጦሳ ተራራ ይሁን ወደ ገበያው ብዬ። በመጨረሻ ሰይድን ጠየቅሁት፤ ድርሻዬ ምን ያህል ይሆናል ብዬ።

ሰይድ አሰበ። «መሬቱ የሕዝብ ነው» አለ። «ከሥሩ ያለውም የመንግሥት ነው። ማሽላው የእትዬ ዘይነባ ነው።»

«የእኔስ?»

«አንቱማ ወፉ አለልዎት።»

ሳቁን ትተን ወደ ጭንቁ እንምጣ። ኃይሉ ያልኩት ልጅ ቀጥሎ የተናገረው ነገር ነው ጭንቁ። ግራፋይቱን በዓይን ለማየት ማሳውን በተለያየ ቦታ እያቋረጡ ጥልቅ ቦይ መቆፈር አለባቸው። ቆፋሪው አለ፣ አፈሩ የሚቆለልበት አለ፣ መኪናው የሚገባበት አለ። ባጭሩ ከማሽላው የሚተርፍ የለም። እህቴ እስኪታጨድ ይታገሡኝ አለች። ኃይሉ ከልቡ አዘነ፤ ግን ሄሊኮፕተሩም ሰዎቹም በሌላ ቦታ ይጠበቃሉ፣ ብዙ መቆየት አይችሉም። ነገ በእግራችን መሣሪያ ይዘን እንፈትሻለን፣ እዚያው ቦታ ላይ ድምፁ ከተሰማ ከነገ ወዲያ ቁፋሮ ይጀመራል አለ።

ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እኔን ያያል። አፌን ታውቁታላችሁ። «ይቆፈር» አለ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ግራፋይቱን ነው የምጋግረው?» አለችኝ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምን እንደምፈልግ ጠፋብኝ። ወፉን ሳይ የእህቴ ወንድም እሆናለሁ፤ ወረቀቱን ሳስብ ባለግራፋይት እሆናለሁ። ሽቦዬን ስጎትት ለማን እንደምጎትት አላውቅም።

በማግስቱ ኃይሉና ረዳቶቹ ሰፋፊ ወንፊት የሚያካክሉ ቀለበቶች ይዘው ማሽላው ውስጥ ገቡ። ኃይሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቷል። ከሥር የሚመልስ ነገር ካለ በዚያ ይሰማዋል። እኔ ማማው ላይ ነኝ፤ እነሱን አላያቸውም፣ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምሰማው።

«አለ» ይላል ኃይሉ። ትንሽ ይሄድና፣ «እዚህም አለ።»

እህቴ ከማማው ሥር ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች። በዚህ መሀል ግሪሳው መጣ። እኔ በድንጋጤም በንዴትም ባለ በሌለ ኃይሌ ሽቦውን ጎተትኩት። ጣሳው ጮኸ፣ ወፉ ተነሳ።

«ጠፋ» አለ ኃይሉ።

መሣሪያውን ሲነቀንቁ፣ ባትሪ ሲቀይሩ፣ አንዱ ሌላውን ሲወቅስ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ሽቦዬ እንደረገበ አየሁ። አጥብቄ ስጎትተው በውሃው ቦይ በኩል ካለው ብረት ተፈትቷል። ወርጄ እንደገና ጠመጠምኩትና ወደ ማማዬ ተመለስኩ።

«አለ» አለ ኃይሉ ከማሽላው ውስጥ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ ደስ የሚል አልነበረም።

ግሪሳው ዞሮ ተመለሰ። ጎተትኩ። ጠፋ። ወርጄ አሰርኩ። አለ። ሰይድ ይህን ሲሰማ ቆየና ከማሳው ጠርዝ ፈንጠር ብሎ ቆመ። እንዲህ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ጅን እንጂ እርሳስ አይሆንም፤ ጅኑን ሳታስፈቅዱ አትቆፍሩ፣ መጀመሪያ ዱአ ይደረግ አለ። ከኃይሉ ረዳቶች አንዱ ሰይድ የሚለው ትክክል መሰለውና ከማሽላው ወጥቶ ቀለበቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔም ማማው ላይ ሆኜ ላብ አጠመቀኝ። ግራፋይቴ ምን ሆነብኝ? አሟት ይሆን? ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ሐርቡ ላይ ሻይ የጋበዙኝን ሰዎች በየትኛው ፊቴ ነው የማያቸው?

ለመጨረሻ ጊዜ ሽቦው ሲፈታ ወርጄ ቦዩ ዳር ተንበርክኬ እየጠመጠምኩ ሳለ ከፊቴ ጫማ አየሁ። ቀና አልኩ። ኃይሉ ነው፤ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ቆሟል። የመጨረሻው ድምፅ ወደነበረበት አቅጣጫ ሲከተል ሲከተል መጥቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽቦ ነው።»

«እኔ በየማሳው ያየሁት ገመድ ነው።»

«ገመድማ የባላገር ነው» አልኩ ቀና ብዬ።

«እስከ የት ይሄዳል?»

«እስከ ገደሉ አፋፍ።»

«እዚያስ ጫፉ ምንድን ነው የታሰረበት?»

«እንደዚሁ ብረት ነው፤ ውሃ የጠጣ መሬት መርጬ ነው የቀበርኩት፤ ጠንካራ ሥራ ነው።»

ኃይሉ ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። እስቲ ይፍቱት አለኝና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መለሰ። ፈታሁት። እስቲ ይሰሩት አለ። አሰርኩት። እንደገና ይፍቱት። እንደገና ይሰሩት። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ ሞከርኩ፤ ሊስቅ ነው ስል ያዝናል፣ ሊያለቅስ ነው ስል ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ከአዲስ አበባ ሄሊኮፕተር ይዘን የመጣነው እርስዎን ፍለጋ ነው።»

ከሰማይ የተላከው ኤሌክትሪክ በሽቦዬ ሄዶ፣ በአንዱ ብረት ወርዶ፣ በእርጥቡ መሬት ዞሮ፣ በሌላው ብረት ይመለሳል። ግራፋይት የሚመልሰውን መልስ ሽቦዬ መልሷል። ስፈታው ዙሩ ይቋረጣል፣ ግራፋይቱ ይሞታል። እንዲህ ነው የገባኝ፤ ካልገባኝም እንዲህ ነው ብዬ ነው የምናገረው። አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቶኛል። ዕድሜ ልኬን ቀጥ ያለ ስፌት አምልጦኝ የኖርኩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ቀጥ አድርጌ ብዘረጋ የመንግሥት ሄሊኮፕተር አሳሳትኩበት።

ነገሩ ግን አላለቀም። ኃይሉ ጥንቁቅ ልጅ ነው። ሽቦው ይነሳና ማሳውን ዳር እስከ ዳር እንደገና እንፈትሽ፤ መሬቱ ዝም ካለ ቦይ የለም፣ ማሽላው ተረፈ፤ ከመለሰ ግን ግራፋይቱ እውነት ነውና መቆፈራችን አይቀርም አለ። ሽቦው ተጠቀለለ። ወፉን የሚከላከል ጣሳ ስለሌለ እህቴ ወንጭፏን ይዛ ማማው ላይ ወጣች፤ ሰይድም በማሳው በኩል መጮህ ጀመረ። ከመውጣቷ በፊት እህቴ እጇን ዘርግታ ያ ረቢ፣ ከዚህ መሬት ሥር ምንም አታስገኝ ብላ ለመነች። እኔም አጠገቧ እጄን ዘርግቻለሁ። አሚን ማለት ነበረብኝ። ውስጥ ውስጡን ግን ትንሽ፣ ለሻይ ቤቱ ሰዎች የማሳየው ያህል፣ አንዲት እፍኝ እንኳ ትገኝ እያልኩ ነበር። አላህ የሁለታችንንም ልመና ባንድ ጊዜ ሲሰማ ምን ብሎ ይሆን?

ኃይሉ ማሽላውን እየገለጠ ከዳር ዳር ሄደ። ተመለሰ። ረድፍ ቀይሮ ሄደ። «አለ» የሚለው ቃል አልመጣም። ከማሽላው ሲወጣ እህቴ ከማማው ላይ አየችው። እሱም ማዳመጫውን አውልቆ ራሱን በአሉታ ነቀነቀላት። አልሐምዱሊላህ ስትል ድምፏ እስከ ገደሉ ተሰማ። ሰይድ ደስ አለው። የኃይሉ ረዳቶች ሳይቀሩ ደስ አላቸው፤ ከጅን ጋር መቆፈር ቀርቶላቸዋል።

እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የእህቴ የዓመት እህል ተርፏል። ግን ልቤ ውስጥ ያ በረንዳ ሲፈርስ ይሰማኛል። ወደ ኃይሉ ጠጋ አልኩና አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ላዳምጥ፣ የእናንተ ጆሮ ደክሞት ይሆናል አልኩት። አልከለከለኝም። ማዳመጫውን ደፋልኝ፤ ቀለበቱን ረዳቱ ያዘልኝ፤ ማሽላው መሀል ገባን።

ዓለም ጸጥ አለ። ነፋስ የለም፣ ሰው የለም። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ወደ ግራ ፈቀቅ ብዬ አዳመጥኩ። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ፤ ጎንበስ ማለት እንደማይጠቅም ኃይሉ ነግሮኝ ነበር፣ ቢሆንም። አንድ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። የገዛ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ነው። ረዳቱ ትከሻዬን ሲነካካኝ ቆይ በሚል እጄን አወዛወዝኩበት። የእኔው ግራፋይት ከእኔ ለምን ትደበቃለች፣ አሁን ታናግረኛለች እያልኩ ስጠብቅ፣ አንድ የጭቃ ጓል መጥቶ ካፖርቴ ጀርባ ላይ ጧ ብሎ ፈረሰ።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ሸለቆው ጩኸት በጩኸት ነው። ግሪሳው በዙሪያዬ፣ ከራሴ በላይ፣ እጄ በሚደርስበት አገዳ ላይ ሰፍሮ ይለቅማል። ሰይድ ከዚያ ይጮኻል፤ እህቴ ከማማው ላይ ሌላ ጓል ወንጭፏ ውስጥ እያስገባች ትጮኻለች።

«ምን አለህ መሬቱ?» አለችኝ።

«ምንም አላለኝ።»

«እንግዲያ አንተ ጩህ።»

ጮህኩ።